«በስክሪኑ ላይ በሚያዩት ቁጥር ይደውሉ»

የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሊያልቅ ሲል የማትቀር አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ለበለጠ መረጃ በስክሪኑ ላይ በሚያዩት ስልክ ቁጥር ይደውሉ»። ከመልመዳችን የተነሳ ምን እንደምትል እንኳ አናዳምጣትም። እስቲ ዛሬ አንዴ እናዳምጣት። ዓይኑ የማያይ ሰው ይህቺን ሲሰማ በየትኛው ቁጥር ነው የሚደውለው? ማስታወቂያው ስለ ቤቱ ስፋት፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ቅድመ ክፍያው ማነስ ሲነግረው ቆይቶ ዋናው ነገር ላይ ሲደርስ ዝም አለው።

ተቃራኒውም አለ። ቤተሰብ ማዕድ ከቦ ተቀምጧል። እናት ታቀርባለች፣ ልጅ ይሮጣል፣ አባት አንድ ነገር ይናገራል፣ ሁሉም ይስቃሉ፣ ከዚያ የድርጅቱ ዓርማ ይመጣል። መስማት የተሳነው ተመልካች ሳቁን አይቷል። ምን እንዳሳቃቸው፣ ምን እየተሸጠ እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ ግን አልደረሰውም። ዘይት ይሁን ሳሙና፣ ባንክ ይሁን ኢንሹራንስ ገምቶ ነው የሚያልፈው።

የእኔ አቋም አጭር ነው። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ የሚነገረው ነገር በጽሑፍም መታየት አለበት፤ በጽሑፍ የሚታየው ቁም ነገር ደግሞ በድምፅም መነገር አለበት። ይህን ማድረግ ከየትኛውም የቴሌቪዥን ሥራ ይልቅ ማስታወቂያ ላይ ይቀላል። ለምን እንደሚቀል እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ብዙ ሰው የሚያነሳትን ጥያቄ ላንሳት።

«ማስታወቂያ እኮ ነው! ምን ይቀርባቸዋል?»

ጥያቄዋ ትገባኛለች። እኛ ዩቲዩብ ላይ «ዝለል» የምትለው ቁልፍ እስክትመጣ አምስት ሰከንድ በትዕግሥት የምንቆጥር ሰዎች ነን። ማስታወቂያ ያመለጠው ሰው ዕድለኛ ይመስለናል። ግን ልዩነት አለ፤ እኛ አይተን፣ አይጠቅመኝም ብለን ነው የምንዘለው። እነሱ ግን ሳይደርሳቸው ነው የተዘለሉት።

ደግሞም በአገራችን ማስታወቂያ ማለት የለስላሳ መጠጥና የሳሙና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክትባት መቼ እንደሚሰጥ፣ ምዝገባ መቼ እንደሚያበቃ፣ የባንክ አገልግሎት እንዴት እንደተቀየረ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ተማሪ እየተቀበለ እንደሆነ፣ ክፍት የሥራ ቦታ የት እንዳለ የሚነገረው በማስታወቂያ ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የብር ኖቶች ይፋ ሲሆኑ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበር። አዲስ የ200 ብር ኖት መጣ፤ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችም መልካቸው ተቀየረ። ያኔ ብሩን በቴሌቪዥን እያሳዩ «ይህን ይመስላል» ማለት ለሚያይ ሰው በቂ ነው። ገንዘቡን በጣቱ ዳብሶ ለሚለይ ሰው ግን ማወቅ የሚያስፈልገው መጠኑ፣ በእጅ የሚዳሰሰው ምልክቱና የጊዜ ገደቡ ነው፤ እሱም በቃል ሲነገረው። እንዲህ ዓይነት መልእክት ያመለጠው ሰው የሚከስረው መዝናኛ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ያለውን ብር ነው።

ሌላ ደግሞ አለ። ብዙ ማስታወቂያ በድምፅ ተስፋውን፣ በጽሑፍ ደግሞ ቅድመ ሁኔታውን ይናገራል። «ከእኛ ጋር ይቆጥቡ፣ ይሸለሙ!» ይላል ድምፁ። ከስር በጥቃቅን ፊደል «ሽልማቱ ከዚህ እስከዚህ ቀን ድረስ፣ ይህን ያህል ላስቀመጠ ብቻ» ይላል። ማየት የተሳነው ሰው ተስፋውን ሰምቶ ግዴታውን ሳያውቅ ባንክ ድረስ ይሄዳል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ታዲያ ግማሹ ብቻ የተነገረው ሰው አልተሳሳተም ማለት እንችላለን? እኔ አንችልም እላለሁ። ማስታወቂያው ለሚያየው ሰው እውነት ሆኖ ለማያየው አሳሳች ሊሆን ይችላል፤ ይህን ጥያቄ የሕግ ሰዎች ሊያዩት ይገባል።

ለዚህ ጽሑፍ ስዘጋጅ አንድ ምሽት ሁለት ነገር ሞከርኩ። መጀመሪያ የማስታወቂያ ሰዓት ሲደርስ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋሁ፤ ከዚያ ደግሞ ድምፁን ከፍቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ይህ ዓይነ ስውርነት ወይም መስማት አለመቻል ምን እንደሚመስል አያሳይም፤ እንደዚያ ብሎ ማሰብም ድፍረት ነው። ስለ ማስታወቂያዎቹ ግን ብዙ ይነግራል። ድምፅ ሳጠፋ የባንኮቹን ማስታወቂያ አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ፤ ሁሉም ውስጥ ፈገግ ያለ ወጣት፣ ስልክና ረጅም ፎቅ አለ። ፊቴን ሳዞር ደግሞ ሙዚቃ ብቻ የሆኑ ማስታወቂያዎች መኖራቸውን አወቅኩ፤ ዘፈኑ ደስ ይላል፣ የማን እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው አይነገርም። በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚያልቀውን አጭር ቁጥር «ይህን ቁጥር ይጫኑ» ብሎ የሚያልፈውም ብዙ ነው። እናንተም ዛሬ ማታ ሞክሩት፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

አሁን ወደ «ይቀላል» ወዳልኩት ልመለስ።

የቀጥታ ስርጭት ላይ ጽሑፍ ማስገባት ከባድ ነው፤ ተናጋሪው ምን እንደሚል አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። የማስታወቂያ ጽሑፍ ግን ገና ቀረጻ ሳይጀመር እያንዳንዷ ቃል ተጽፋ፣ በደንበኛው ታይታ፣ ታርማና ጸድቃ ያለቀች ናት። የሠላሳ ሰከንድ ማስታወቂያ ቢበዛ ሃምሳ ስልሳ ቃል ቢኖረው ነው። ያ ጽሑፍ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ኤዲተሩ ከፍቶ ከምስሉ ጋር ማዛመድ ብቻ ነው የሚቀረው። አንድ ጊዜ የተሠራ ማስታወቂያ ደግሞ ለወራት፣ በየቀኑ፣ በተለያየ ቻናል ይደጋገማል። አንዴ የወጣ ወጪ በመቶ ጊዜ ሲካፈል ምን ያህል ይሆናል? ለታዋቂ ተዋናይ፣ ለድሮን ቀረጻና ለአየር ሰዓት ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር የጽሑፉ ሥራ ከሻይ ቡና ወጪ የሚያልፍ አይመስለኝም።

ድምፁም ቢሆን አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ያው ድርጅት ለሬዲዮ ማስታወቂያ ሲያሠራ እኮ ሁሉን ነገር በቃል ይናገራል! ስሙን ይደጋግማል፣ አድራሻውን «ከእንትን ፊት ለፊት፣ እንትን ሕንጻ፣ ሦስተኛ ፎቅ» ብሎ ይገልጻል፣ ስልኩን ሁለቴ ቀስ ብሎ ያነባል። ወደ ቴሌቪዥን ሲመጣ ነው ይህን ሁሉ የሚረሳው፤ ምስሉ ይበቃል ብሎ። ስለዚህ ችሎታው አለ። ከማስታወቂያው ሦስትና አራት ሰከንድ ቆርጦ ስሙን፣ ቁጥሩንና ዋናውን ቅድመ ሁኔታ በድምፅ ማስነገር ይቻላል። ጽሑፉን የሚጽፈው ሰው ከመጀመሪያው «ይህን የማያይ ሰው ምን ይደርሰዋል?» ብሎ ከጠየቀ ተጨማሪ ሰከንድ ላያስፈልግም ይችላል።

ባለሙያ የለም እንዳይባል፣ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ መተርጎም እዚህ አገር የተለመደ ሥራ ሆኗል። የሌላን ሰው ከንፈር እያዩ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በሰከንድ ለክተው የሚያስገቡ ወጣቶች አሉን። የራሳችንን የሠላሳ ሰከንድ ንግግር በጽሑፍ ማዛመድ ለእነሱ ምን ይከብዳል?

ነገር ግን ማንኛውም ጽሑፍ ጽሑፍ ነው ብሎ መለጠፍም አይሠራም። የእኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። «ሰ» እና «ሸ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ» የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች ትንሽ ጭረት ነው። ያቺ ጭረት ፊደሉ ሲያንስ ትጠፋለች፤ ቢጫ ጽሑፍ ነጭ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል። ዓይናቸው ጨርሶ ያልጠፋ ግን የደከመ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እናቶቻችንና አባቶቻችንም ከእነሱ መሐል ናቸው። ጽሑፉ ተለቅ ይበል፣ ከጀርባው ጠቆር ያለ መደብ ይኑረው፣ ተነቦ እስኪያልቅ ይቆይ። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ማሰብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሌላው የማይረሳ ነገር የምልክት ቋንቋ ነው። መስማት የተሳነው ሁሉ ያነባል ማለት አይደለም። ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ያላገኙ ብዙ ናቸው፤ ገብተው የተማሩትም ብዙዎቹ የመጀመሪያ ቋንቋቸው የምልክት ቋንቋ ነው፣ አማርኛ ሁለተኛቸው ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ የጣት ፊደል አለው፤ የእጁ ቅርጽ «በ» ወይም «ለ» መሆኑን ይናገራል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች ይለያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋውን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። በአንዳንድ ዜናዎች ላይ በስክሪኑ ጥግ አስተርጓሚ ማየት ለምደናል። ዜናው አልቆ ማስታወቂያ ሲመጣ ግን አስተርጓሚው ይጠፋል። ለለስላሳ መጠጥ ጽሑፍ ሊበቃ ይችላል፤ ስለ ክትባት፣ ስለ ምርጫ ምዝገባ፣ ስለ ብር ለውጥ ለሚነገር ማስታወቂያ ግን የምልክት ቋንቋ የግድ ነው ባይ ነኝ።

ሌላው ዓለምስ? ሁሉን አስተካክለው የጨረሱ አገሮች አሉ ብዬ አልዋሻችሁም። አሜሪካ ለቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ጥብቅ የጽሑፍ ሕግ አላት፤ 5 ደቂቃና ከዚያ በታች የሆኑ ማስታወቂያዎችን ግን ሕጉ አያስገድድም። በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ የሕዝብ አገልግሎት ማስታወቂያዎች ግን ከ1990 እ.ኤ.አ. የአካል ጉዳተኞች ሕግ ጀምሮ ጽሑፍ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው። ብዙ የንግድ ድርጅቶችም ሳይገደዱ ጽሑፍ ያስገባሉ፤ ገበያ ስለሆነ። ብሪታንያ ውስጥ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው የሳሙናና የዳይፐር ኩባንያ ማየት ለተሳናቸው ደንበኞች ማስታወቂያዎቹን የድምፅ ገለጻ ጨምሮ አዘጋጅቷል፤ በምስሉ ላይ የሚሆነውን አንድ ተራኪ በአጭሩ ይናገራል።

ከሁሉ የምወደው ግን ፔፕሲ በ2008 እ.ኤ.አ. ከሱፐር ቦውል ጨዋታ በፊት ያሳየውን ማስታወቂያ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ቦብ የሚባል ጓደኛቸው ቤት በመኪና ይሄዳሉ፤ ቤቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋባቸዋል። በምልክት ቋንቋ ይጨቃጨቃሉ። በመጨረሻ የመኪናውን ጥሩምባ እያንባረቁ ሰፈሩን ይዞራሉ። የቤቱ ሁሉ መብራት ይበራል፣ ውሻው ይነሳል፤ አንድ ቤት ብቻ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። የቦብ ቤት እሱ ነው፤ ቦብ አይሰማማ! ይህ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸው የሚጫወቱት የቆየ ቀልድ ነው፤ በማስታወቂያው ሥራም መስማት የተሳናቸው የኩባንያው ሠራተኞች ነበሩበት። ማዘን የለ፣ ለቅሶ የለ፣ «እርዷቸው» የለ። ሰዎች ናቸው፣ ይቀልዳሉ፣ ይጠጣሉ። ይሁንና ንግግር የሌለበት ያ ማስታወቂያ ማየት ለተሳነው ሰው እምብዛም የሚነግረው ነገር አልነበረውም። ስለዚህ አንዱን በር ስንከፍት ሌላውን እንዳንዘጋ ሁለቱንም አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል።

«ቁጥራቸው ትንሽ ነው» የሚል ነጋዴ ካለ፣ በ1998 ዓ.ም. አካባቢ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ የማየት አቅም ያለው መሆኑን አሳይቷል። በዚያው መጠን ከ100 ሚሊዮን ሰው ብናሰላው ሁለቱ ተደምረው ከ5 ሚሊዮን በላይ ይሆናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰው ሕክምና ወይም ድጋፍ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር እንዳለበት ይናገራል። እነዚህ ሰዎች ስልክ ይገዛሉ፣ ባንክ ደብተር አላቸው፣ ቤት ይከራያሉ፣ ልጅ ያስተምራሉ። አንድም ደንበኛ እንዳያመልጠው አደባባይ ሁሉ ላይ ቢልቦርድ የሚሰቅል ድርጅት እነሱን እንዴት ይረሳል?

ሕጉም ቢሆን ከባዶ አይጀምርም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 9 መረጃና ግንኙነት ተደራሽ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 21 ደግሞ መንግሥታት መገናኛ ብዙኃን አገልግሎታቸውን ተደራሽ እንዲያደርጉ እንዲያበረታቱ፣ ለምልክት ቋንቋም እውቅና እንዲሰጡ ይላል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የቀረው ከወረቀት ወደ ስክሪን ማምጣት ነው።

በአንድ ሌሊት ሁሉም ይለወጥ አልልም። በደረጃ ይሁን። መጀመሪያ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ማስታወቂያ፤ ጽሑፍ፣ የምልክት ቋንቋና በድምፅ የሚነገር ቁጥር ከሌለው ክፍያ አይፈጸምለት። የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት መልእክት ለሕዝብ ሁሉ መድረስ አለበት፤ እዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር አይታየኝም። ቀጥሎ ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ቴሌኮምና የቤት ሽያጭ፤ ሰው በአንድ ማስታወቂያ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን የሚያወጣባቸው ስለሆኑ። ከዚያ ሌላው ይከተል። የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን አንድ ገጽ የማትሞላ መመሪያ ቢያወጣ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ማስታወቂያ ሲቀበሉ የምስል ጥራቱን እንደሚያዩት ሁሉ ይህንንም ቢያዩ ነገሩ ይጀመራል። የመስማት የተሳናቸውና የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበራት አሉ፤ ማስታወቂያው ከመተላለፉ በፊት አይተውና ሰምተው አስተያየት ይስጡ። ለዚህ ሥራቸው ደግሞ ይከፈላቸው፤ ለሌላው አማካሪ ተከፍሎ ለእነሱ ሲሆን «ትብብር» ማለት ይቅር።

እናንተስ? ብዙዎቻችሁ ቴሌቪዥን ከተመለከታችሁ ሰንበት ብሏል፤ ማስታወቂያው ግን ተከትሏችሁ ቲክቶክና ቴሌግራም ገብቷል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሠሪዎቹ ናችሁ። ታክሲ ውስጥ ኢርፎን ረስታችሁ ቪዲዮ ስታዩ የሚያድናችሁ ከስር ያለው ጽሑፍ ነው፤ ለእናንተ ለአሥር ደቂቃ የጠቀመው ነገር ለሌላው የዘወትር ፍላጎቱ ነው። ስለዚህ ስለ ምርት ቪዲዮ ስትሠሩ ጽሑፍ አስገቡ፤ ስታስገቡም አንብባችሁ አርሙት። «ሊንኩ እዚህ ጋ ነው» ብላችሁ በጣት ከመጠቆም ስሙን ተናገሩት። ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ ስትለጥፉ ፎቶ ብቻ አትልቀቁ፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነበው የስልክ አገልግሎት ፎቶ ላይ የተጻፈ ቁጥርን በቀላሉ አያነብላቸውም። ቁጥሩንና የመጨረሻውን ቀን ከስር በጽሑፍ ድገሙት። ይህ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ በዚያ ሁለት ደቂቃ አንድ ተመራቂ ሥራ የማመልከት ዕድል ሊያገኝ ይችላል።

ይህን ጽሑፍ ስልካችሁ እያነበበላችሁ የምታዳምጡም እንዳላችሁ አውቃለሁ። የትኛው ማስታወቂያ በሩን እንደዘጋባችሁ፣ የትኛው እንደከፈተ ከእኔ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ለድርጅቶቹ ገጾቻቸው ላይ ጻፉላቸው። ጥሩ የሠራውን አመስግኑ፣ የረሳውን ጠይቁ። ሌሎቻችን ደግሞ ከስር ገብተን «እኔም እጠይቃለሁ» እንበል። ድርጅቶች ለማኅበራዊ ሚዲያ አስተያየት ምን ያህል እንደሚደነግጡ ታውቃላችሁ፤ እስቲ አንዴ ለዚህ ጉዳይ ይደንግጡልን።